«ማን አለ?»፦ በጥናት ጽሑፍ ውስጥ ምንጭ እንዴት ይጠቀሳል?

የአክስቴ ልጅ የመመረቂያ ጥናቷን ረቂቅ ይዛ መጣች። አዘዞ፣ ቤታችን በረንዳ ላይ ነን። ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። ወረቀቱን ዘርግታ አንዷን አንቀጽ አሳየችኝ። አማካሪዋ በቀይ እስክሪብቶ አክብበውባት ከጎኑ ሁለት ቃል ጽፈዋል፦ «ማን አለ?»

«ጋሼ፣ ይኸው ጠቅሼ የለ እንዴ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ጠቅሳለች። አንቀጿ እንዲህ ትላለች፤ የደራሲውን ስም ብቻ በ«እከሌ» ተክቼዋለሁ፦

«ጎንደር የተቆረቆረችው በአፄ ፋሲል ዘመነ መንግሥት ነው። ፋሲል ግቢ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ወደ ከተማዋ የሚመጡ ጎብኚዎች አብዛኛውን ገንዘባቸውን የሚያወጡት ለማረፊያና ለምግብ ነው። በግቢው ዙሪያ የእደ ጥበብ ውጤት የሚሸጡ ሴቶች ከጎብኚው የሚደርሳቸው ጥቂት ነው (እከሌ፣ 2008)።»

አራት ዓረፍተ ነገር፣ አንድ ቅንፍ፣ እሱም መጨረሻ ላይ። አንድ በአንድ ጠየቅናቸው። የመጀመሪያውን ማን አለው? ማንኛውም የጎንደር ልጅ ያውቀዋል። ሁለተኛውን? ከዩኔስኮ ድረ ገጽ ያገኘችው ነው። ሦስተኛው በእርግጥ የእከሌ ነው። አራተኛውስ? ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «እሱማ የራሴ ነው፤ ሴቶቹን ያነጋገርኳቸው እኔ ነኝ» አለች።

በጥናቷ ውስጥ ትልቁ ግኝት እሱ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆማ ያገኘችውን ለእከሌ አስረክባ ቁጭ አለች። እከሌም ያላሉትን አሉ ተባሉ። አንዲት ቅንፍ ቦታዋን ስታ ሁለት ሰው በደለች።

ስለ ምንጭ ሲነሳ ተማሪው ቶሎ ትዝ የሚለው ፕላጀሪዝም ነው። የሰው ጽሑፍ የራስ አድርጎ መገኘት፣ ከዚያ የሚመጣ ቅጣት። ፍርሃቱ ትክክል ነው፤ ግን ፍርሃት ብቻውን ጥሩ አጠቃቀስ አያስተምርም። የፈራ ተማሪ ቅንፍ እንደ ጨው ይበትናል። እኔ ነገሩን የማየው እንደ መሬት ድንበር ነው። የሰው ሐሳብ ከየት ተነስቶ የት ላይ እንደሚያልቅ፣ የእናንተ ድምፅ የት እንደሚጀምር አንባቢው ሳይጠይቅ ማየት አለበት።

አሠራሩን ላብራራ። በጽሑፉ መሀል አጭር ምልክት ይገባል፤ አብዛኛውን ጊዜ የደራሲ ስምና ዓመት። ሙሉው አድራሻ፣ ማለትም ርዕሱ፣ አሳታሚው፣ የታተመበት ቦታ፣ መጨረሻ ላይ ባለው ዋቢ ዝርዝር ውስጥ ይቀመጣል። አጭሯ ምልክት ወደ ሙሉው የምትመራ ጣት ናት። ስለዚህ መሀል ላይ የተጠቀሰ ሁሉ ዝርዝሩ ላይ መኖር አለበት። ዝርዝሩ ላይ ያለም ሁሉ መሀል ላይ መጠቀስ አለበት። ያላነበቡትን መጽሐፍ ዝርዝር ለማርዘም ሲሉ የሚጨምሩ አሉ። ፈታኝ ይህን በደቂቃ ውስጥ ይደርስበታል።

የአጠቃቀስ ስልቶች ብዙ ናቸው። በማኅበራዊ ሳይንስና በትምህርት ክፍሎች በብዛት የሚሠራበት ኤፒኤ ነው። የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር መመሪያ ሲሆን በ1929 እ.ኤ.አ. ሲጀመር ሰባት ገጽ ብቻ ነበር። ዛሬ የሚሠራበት ሰባተኛው እትም የወጣው በ2019 እ.ኤ.አ. ነው። በሕክምናና በጤና ሳይንስ በኩል ደግሞ በቁጥር የሚጠቅሰው ቫንኩቨር ይዘወተራል፤ ስሙን ያገኘው የሕክምና መጽሔት አዘጋጆች በ1978 እ.ኤ.አ. ቫንኩቨር ላይ ካደረጉት ስብሰባ ነው። የሥነ ጽሑፍ ሰዎች የሚወዱት ኤምኤልኤ ከስም ቀጥሎ ዓመት ሳይሆን ገጽ ያስገባል። የታሪክ ሰዎች የግርጌ ማስታወሻ ይመርጣሉ። በአማርኛ የግርጌ ማስታወሻ ላይ «ዝኒ ከማሁ» የምትል ግእዝ ካያችሁ፣ «ከላይ የተጠቀሰው ራሱ ምንጭ» ማለት ነው። የትኛው ይሻላል ብሎ መከራከር ለተማሪ ጊዜ ማባከን ነው። የትምህርት ክፍላችሁ ያዘዘውን ያዙ፤ ከያዛችሁ በኋላ አትቀያይሩ።

አንድ ነገር ብቻ ላስጠንቅቅ። ከላይብረሪ የቀድሞ ተመራቂ ቴሲስ አውጥቶ እንደ ሞዴል መከተል የተለመደ ነው። ግን የቆየው ቴሲስ የተጻፈው በቆየው ደንብ ነው። በስድስተኛው የኤፒኤ እትም ከሦስት እስከ አምስት ደራሲ ያለው ጽሑፍ መጀመሪያ ሲጠቀስ ሁሉም በስም ይጠሩ ነበር። በሰባተኛው ግን ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ገና ከመጀመሪያው የአንደኛው ስም ብቻ ተጽፎ «እና ሌሎች» ይባላል። ሁለት ከሆኑ ሁልጊዜ ሁለቱም ይጻፋሉ።

አሁን ወደ ድንበሩ ልመለስ። አማርኛ ለዚህ ሥራ እጅግ የተመቸ ቋንቋ ነው። ግሣችን መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ የሰውን ቃል በር ከፍተን አስገብተን በር መዝጋት እንችላለን። «እከሌ (2008)» ብለን እንከፍታለን፤ «ሲሉ ጽፈዋል» ብለን እንዘጋለን። በመካከል ያለው የእሳቸው ነው። ቅንፏን መጨረሻ ላይ ብቻ ስናስቀምጥ ግን መዝጊያ አለን፣ መክፈቻ የለንም። አንባቢው ወደ ኋላ ሲመለስ የት ድረስ እንደሚመለስ አያውቅም። አንድ ዓረፍተ ነገር? ሦስት? አንቀጹን በሙሉ?

ስለዚህ የአንድ ሰው ሐሳብ ከአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያልፍ ከሆነ ስሙን ፊት ላይ አውጡት። ከዚያ «እንደ እሳቸው ገለጻ»፣ «በዚሁ ጥናት» እያላችሁ ክሩን ያዙ። ወደ ራሳችሁ ስትመለሱም ምልክት ስጡ። «ይህ ጥናት ያነጋገራቸው ግን» የምትል ሐረግ ከአሥር ቅንፍ በላይ ትሠራለች።

የመዝጊያ ግሡም ትርጉም አለው። «አረጋግጠዋል» እና «ገምተዋል» አንድ አይደሉም። ብዙ ረቂቅ ላይ ሁሉም ሰው ሁሉንም ነገር «አረጋግጧል»። ደራሲው «ሊሆን ይችላል» ብለው የጻፉትን «አረጋግጠዋል» ብላችሁ ከጠቀሳችሁ ስማቸውን ብትጽፉም ዋሽታችሁባቸዋል። የተከራከሩትን «ይከራከራሉ»፣ የቆጠሩትን «ቆጥረዋል»፣ የጠረጠሩትን «ይጠረጥራሉ» በሉ።

ይህ ለጎንደር ባዕድ ነገር አይደለም። በቤተ ክርስቲያን የትርጓሜ ትምህርት መምህሩ አንዱን ፍቺ ጨርሰው «አንድም» ይላሉ፤ ሌላው ፍቺ ይከተላል። «አንድም» ድንበር ናት። ፍቺዎቹ ተደበላልቀው አንድ ሾርባ እንዳይሆኑ ታደርጋለች። ላይ ቤትና ታች ቤት የሚባሉት ወገኖች የተለዩትም እዚሁ ጎንደር ነው፤ ትርጓሜው የየትኛው ቤት እንደሆነ መለየት የትምህርቱ አካል ነው። ቅኔ ቤት ደግሞ የሰውን ቅኔ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ነውር ነው። የተማርከው ከማን እንደሆነ መናገር ግን ክብር ነው። ቅንፉና ዓመቱ አዲስ ይሁኑ እንጂ ጥያቄው የኖረ ነው። በነገራችን ላይ ስምና ዓመትን በቅንፍ የመጥቀስ ልማድ መነሻው ኤድዋርድ ሎረንስ ማርክ የተባሉ የሃርቫርድ የእንስሳት ተመራማሪ በ1881 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጽሑፍ እንደሆነ ይነገራል። የአባቶቻችን «አንድም» ይቀድመዋል።

ሁሉም ነገር መጠቀስ አለበት ወይ? የለበትም። ጎንደርን አፄ ፋሲል መቆርቆራቸውን ለመናገር ምንጭ አያስፈልግም። ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ ማንም የማይከራከርበት ነገር የጋራ ነው። ቁጥር ከመጣ፣ አከራካሪ ሐሳብ ከመጣ፣ ወይም አንድ ሰው ለፍቶ የደረሰበት ድምዳሜ ከመጣ ግን ባለቤት አለው። ስትጠራጠሩ ጥቀሱ። ጥቅስ በዝቶበት የተወቀሰ ተማሪ አይቻለሁ፤ ጎድሎበት የወደቀው ግን ይብሳል።

ብዙ ተማሪ የሚቸገረው በራስ ቃል መጻፍ ላይ ነው። እንደ ምሳሌ እኔው የፈጠርኩት አንድ ዓረፍተ ነገር ይኸውና፦ «በበጋ ወራት የቧንቧ ውኃ ስለሚቆራረጥ ነዋሪዎች ውኃ በጀሪካን ለመግዛት ይገደዳሉ፤ ይህም ዝቅተኛ ገቢ ያላቸውን ቤተሰቦች ይበልጥ ይጎዳል።» አንዱ ተማሪ እንዲህ ያደርገዋል እንበል፦ «በበጋ ጊዜ የቧንቧ ውኃ ስለሚጠፋ ነዋሪዎች ውኃን በጀሪካን ለመሸመት ይገደዳሉ፤ ይህም አነስተኛ ገቢ ያላቸውን አባወራዎች የበለጠ ይጎዳል።» ወራት ጊዜ ሆነ፣ መግዛት መሸመት ሆነ። አጥንቱ ግን ያው ነው። ልብስ ቀየረ እንጂ ሰውየው አልተቀየረም። ስም ቢጠቀስበት እንኳ እንዲህ ያለው ኮፒ ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። አንብቡት። መጽሐፉን ክደኑት። ለጓደኛችሁ እንደምታስረዱ አድርጋችሁ ጻፉት። ከዚያ ገልጣችሁ አስተያዩ። እንዲህ ይወጣል፦ «እከሌ (2012) የውኃ መቆራረጥ ጉዳት ለሁሉም እኩል እንዳልሆነ ይናገራሉ። እንደ እሳቸው፣ ቧንቧው ሲደርቅ ጀሪካን የመግዛቱ ዕዳ የሚከብደው ድሃው ላይ ነው።» ሐሳቡ የእከሌ፣ ቃሉ የተማሪው፣ ድንበሩ ግልጽ።

ትርጉምም ያው ነው። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ስለመለስነው የኛ አይሆንም። ኩረጃ የሚለየው ሶፍትዌር ባይዘውም ሰው ይይዘዋል። በኤፒኤ ራሳችሁ የተረጎማችሁት ሐሳብ በራስ ቃል እንደተጻፈ ይቆጠራል፤ ትዕምርተ ጥቅስ አይገባበትም፣ ምንጩ ግን የግድ ይጠቀሳል። ቃል በቃል ከወሰዳችሁ ትዕምርተ ጥቅስም ገጽም ያስፈልጋል። ጥቅሱ 40 ቃልና ከዚያ በላይ ከሆነ ለብቻው ገባ ብሎ ይጻፋል፤ ያኔ ትዕምርተ ጥቅሱ ይቀራል። እኔ ተማሪ ሳለሁ ገጽ ሳልይዝ ደብተሬ ላይ የገለበጥኩትን አንድ ጥቅስ ፍለጋ ሦስት ቀን ላይብረሪ ውዬ አውቃለሁ። ገጹን ያኔውኑ ጻፉ።

ለዚህም ፎቶኮፒ ቤት ትልቅ ድርሻ አለው። የምትፈልጉትን ምዕራፍ ብቻ አስቀድታችሁ አትውጡ። የሽፋኑን ቀጣይ ገጽና ጀርባውንም አስቀዱ። ደራሲው፣ ዓመቱ፣ አሳታሚው፣ የታተመበት ከተማ ያሉት እዚያ ነው። ፒዲኤፉን ከቴሌግራም ካወረዳችሁትም መጀመሪያ የምታዩት ያን ገጽ ይሁን። ከሌለው የመጽሐፉን ዝርዝር ከላይብረሪ ፈልጉ እንጂ የቴሌግራም ቻናሉን ስም ምንጭ አታድርጉ።

ያላነበባችሁትን እንዳነበባችሁ አታስመስሉ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር ገብቶ ከአንድ ዓመት በላይ በአገሩ ቆይቷል፤ የጉዞ ታሪኩም በ1790 በአምስት ቅጽ ታተመ። ስለ ጎንደር የሚጽፍ ተማሪ ሁሉ «(ብሩስ፣ 1790)» ይላል። አምስቱን ቅጽ ያገላበጠ ግን ስንት ነው? በሌላ ሰው መጽሐፍ ውስጥ ያገኛችሁት ከሆነ እንደዚያው ተናገሩ፦ «(ብሩስ፣ 1790፤ በእከሌ፣ 2001 እንደተጠቀሰው)»። ዋቢ ዝርዝሩ ላይ የሚገባው እጃችሁ ላይ ያለው የእከሌ መጽሐፍ ነው። እከሌ ብሩስን አሳስተው ጠቅሰው ቢሆን ስህተቱ የማን እንደሆነ ይታወቃል።

አሁን የኛው ጣጣ፤ ስም። የውጭ መመሪያዎች ሁሉ «የቤተሰብ ስም ጻፍ» ይላሉ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ሁለተኛው ስም የአባት ነው። የታሪክ ምሁሩን ባሕሩ ዘውዴን «ዘውዴ (1991)» ብሎ የሚጠቅስ ተማሪ የጠቀሰው አባታቸውን ነው። በኢትዮጵያ ጥናት መስክ የቆየው ልማድ ኢትዮጵያዊ ደራሲን በራሱ ስም መጥራት ነው፦ ባሕሩ (1991)፣ ታደሰ (1972)። ታደሰ የሚባል ሌላ ደራሲ ካለ አባቱን ጨምሩ፦ ታደሰ ታምራት (1972)። ምንጭ በሚያደራጀው ፕሮግራም፣ በዞቴሮ የምትሠሩ ከሆነ ፕሮግራሙ ስሙን ለሁለት ከፍሎ አባትን ያስቀድማል። የስሙን ሳጥን ወደ አንድ አዋህዳችሁ ሙሉውን ጻፉለት፤ እንዳለ ይተወዋል። ትምህርት ክፍላችሁ የአባት ስም ይቅደም ካለ ግን በዚያው ጽኑ፤ ግማሹን እንዲህ ግማሹን እንዲያ ማድረግ ከሁሉም የከፋ ነው።

አንዳንዱ «ፕሮፌሰር» ሳይባሉ በስም ብቻ መጥራት ድፍረት ይመስለዋል። አይደለም። በጥናት ጽሑፍ ማዕረግ አይጻፍም፤ አክብሮቱን ግሡ ይይዘዋል። «ባሕሩ ይላሉ» ስንል ሁለቱም ተሟሉ።

ሁለተኛው ጣጣ የዘመን አቆጣጠር ነው። ጎንደር በ1628 ተቆረቆረች የሚል ጽሑፍ አለ፤ በ1636 የሚልም አለ። አንድ ዓመት ናቸው፤ የመጀመሪያው በኛ፣ ሁለተኛው በአውሮፓውያን። የሕዝብና ቤት ቆጠራውም እንዲሁ። የጎንደር ከተማ ሕዝብ 207,044 መሆኑን የመዘገበው ቆጠራ በአማርኛው የ1999፣ በእንግሊዝኛው የ2007 ነው። ሁለቱንም በአንድ ገጽ የጠቀሰ ተማሪ ሁለት ቆጠራ የተካሄደ ያስመስለዋል። ሕገ መንግሥቱ ራሱ በአማርኛው አዋጅ ቁጥር 1/1987፣ በእንግሊዝኛው 1/1995 ይባላል። ስለዚህ ዓመት ስትጽፉ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ማለት አትርሱ። ወይም የትኛውን አቆጣጠር እንደምትከተሉ መግቢያው ላይ አንዴ ተናገሩና ለይታችሁ የምታሳዩት ሌላኛውን ብቻ ይሁን። ደግሞ በግምት አትቀይሩ። 2005 ዓ.ም. የታተመ መጽሐፍ በመስከረም ወጥቶ ከሆነ 2012፣ በሚያዝያ ወጥቶ ከሆነ 2013 እ.ኤ.አ. ነው። ሽፋኑ ወሩን ካልነገራችሁ የታተመውን ዓመት እንዳለ ያዙት።

ሰው አነጋግራችሁስ? እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይምታታል። የጥናቱ ተሳታፊዎች፣ ማለትም መረጃ የሰበሰባችሁባቸው ሰዎች፣ እንደ መጽሐፍ አይጠቀሱም። «ተሳታፊ 3» ተብለው በግኝት ክፍል ይገባሉ፤ ስማቸው ይጠበቃል። ከጥናቱ ውጪ የሆነ ባለሙያ በስልክ ያስረዳችሁ ነገር ግን በኤፒኤ «የግል ግንኙነት» ተብሎ ከነቀኑ መሀል ላይ ብቻ ይጠቀሳል። አንባቢ ሄዶ ሊያገኘው ስለማይችል ዋቢ ዝርዝር ውስጥ አይገባም። በታሪክ ትምህርት ደግሞ ሌላ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ፈቅደው ስማቸው፣ ቦታውና ቀኑ ይጻፋል፣ ለብቻቸውም ዝርዝር ይዘጋጅላቸዋል።

ቻትጂፒቲና መሰሎቹ «ምንጭ ስጠኝ» ሲባሉ የሚያምር ምንጭ ይሰጣሉ። ስሙ እውነተኛ ይመስላል፣ መጽሔቱም ያለ ነው፣ ገጹም ተጽፏል። ጽሑፉ ግን አንዳንዴ በዓለም ላይ የለም። ከፍታችሁ ያላያችሁትን አንድም ምንጭ አታስገቡ። ጎግል ስኮላር ላይ ርዕሱን መፈለግ ግማሽ ደቂቃ ነው።

ያን ቀን ከአክስቴ ልጅ ጋር ሁለት ማርከር ይዘን ተቀመጥን። የሰው የሆነውን ሁሉ በቢጫ፣ የእሷ የሆነውን በአረንጓዴ። ቀለም ያጣ ዓረፍተ ነገር ካለ ወይ የጋራ ዕውቀት ነው ወይ ባለቤቱ ተረስቷል። አሥራ ሁለት ገጽ ላይ ሰባት ባለቤት አልባ ዓረፍተ ነገር ተገኘ። አምስቱን ከደብተሯ አወጣች። ሁለቱን ከየት እንዳመጣቻቸው ማስታወስ ስላልቻለች ሰረዘቻቸው፤ ጥሩ ዓረፍተ ነገሮች ነበሩ። ያቺ የተከበበችው አንቀጽም በረካው ሳይፈስ ተጻፈች፦

«ጎንደር የተቆረቆረችው በአፄ ፋሲል ዘመነ መንግሥት ነው። ፋሲል ግቢ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በ1979 እ.ኤ.አ. ነው (ዩኔስኮ፣ ዓመት ያልተጠቀሰ)። እከሌ (2008 ዓ.ም.) ወደ ከተማዋ የሚመጡ ጎብኚዎች አብዛኛውን ገንዘባቸውን የሚያወጡት ለማረፊያና ለምግብ እንደሆነ ጽፈዋል። ይህ ጥናት በግቢው ዙሪያ ያነጋገራቸው 14 የእደ ጥበብ ሻጭ ሴቶች ደግሞ ከጎብኚው የሚደርሳቸው ጥቂት እንደሆነ ተናግረዋል።»